የልጆቻችንን ጉሮሮ ለምላጭ አንስጥ

 



ይህ ጽሑፍ በመስጂዳችን ከዐስር ሰላት በኋላ ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ኮሚቴው ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ለማዘጋጀት በተነሣ ጊዜ፣ ያን ዕለት ያልተገኙት እንዲያነቡት፣ የሰሙትም እንዲያስታውሱት በጽሑፍ እንዳቀርበው ጠየቀኝ። ስለ መስጂዳችን አሠራር፣ ለዚህ ቤት ስለደከሙት አባቶችና እናቶች ሌሎች ወንድሞች ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ስለ ሕፃን ልጅ እንጥል። ርእሱ ለመታሰቢያ መጽሔት የማይመች ቢመስላችሁ ታገሡኝ። በመስጂዳችን ግቢ ከሰገድንባቸው ትንንሽ ጀናዛዎች ስንቱ በዚህ ሰበብ እንደሞተ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም. የ14 ዓመት ደረሳ ነበርኩ። ኪታብ ከምቀራበት ቦታ ለዒድ ወደ ቤተሰቦቼ መጥቼ ሳለሁ የታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጅ ታመመ። ዐቂቃው ታርዶለት ስም ከወጣለት ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ያስለዋል፤ ጡት ሲሰጡት ሁለት ጊዜ ስቦ ይተወዋል፤ ሲተነፍስ ከጎኑ አጥንት በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አያታችን አፉን ከፍታ አየችና «እንጥሉ ወርዷል፤ ሳይፈነዳበት ይቆረጥለት» አለች።

ቆራጩን እንድጠራ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከቤታችን በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ጤና ጣቢያ ወዳለበት ከተማ ይወስዳል፤ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የግራው ወደ ቆራጩ ቤት ይወስዳል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ በግራው ሮጥኩ። በቀኙ ሂድ ያለኝ ማንም የለም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ሰውየው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለድካማቸው የሚቀበሉት አንድ መለኪያ ቡና ወይም ጥቂት ቅቤ ነው። የሕፃኑን ራስ እንድይዝ ያዘዙት እኔን ነው። «ወንድ ነህ፤ አትደንግጥ፤ አጥብቀህ ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። ቢስሚላህ ብለው ቆረጡ። ወደ ውጭ የወጣው ደም ጥቂት ስለነበር ሁላችንም አልሐምዱሊላህ አልን። ያላወቅነው፣ ጨቅላ ሕፃን ደም መትፋት የማይችል መሆኑን ነው፤ ይውጠዋል። እኩለ ሌሊት ላይ የረጋ ጥቁር ደም አስመለሰው። ከዚያ ወዲያ ጡት አልያዘም። የፈጅር አዛን ሳይሰማ ሞተ።

አጥበን፣ ከፍነን፣ ሰግደንበት ቀበርነው። «ቀደሩ ነው» ተባለ። ስለ ምላጩ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። ይህን ታሪክ እንድጽፍ እህቴን አስፈቅጃታለሁ። የመለሰችልኝ አጭር ነው፦ «ለሌላዋ እናት ይድረስ።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባሁ። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህራችን የአፍንና የጉሮሮን ሥዕል በሰሌዳው ላይ ሣለና የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ አስረዳን። እንጥል ጋ ሲደርስ እጄ ብዕር መያዝ አቃተው። የእህቴ ልጅ የታመመው በጉሮሮው ሳይሆን በሳንባው እንደነበር፣ እኛም ያልታመመውን ቆርጠን የታመመውን እንደተውነው የገባኝ ያን ቀን ነው።

እንጥል ምንድን ነው?

እንጥል ከላንቃችን የኋለኛ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ለስላሳ ሥጋ ናት። ስንውጥ ከለስላሳው ላንቃ ጋር አብራ ወደ ላይ በመነሣት ምግብና መጠጥ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ መንገዱን ለመዝጋት ትረዳለች። ጉሮሮን የሚያርስ ምራቅ ታመነጫለች፤ በንግግርም ድርሻ አላት። እኛ ቁርኣን የምንቀራ ሰዎች የእያንዳንዱን ፊደል መውጫ በተጅዊድ ስንማር ‹ቃፍ›ና ‹ካፍ› የምላስ ሥር ወደ እንጥል በሚቀርብበት ቦታ እንደሚወጡ፣ ሁለቱም በእንጥል ስም እንደሚጠሩ ተምረናል። አላህ (ሱ.ወ) ያለ ጥበብ የፈጠረው ነገር የለም፤ የእንጥልም ነገር እንዲሁ ነው።

ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥልም ትቀላለች፤ ታብጣለች። ሕፃን አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ደግሞ ጤነኛዋም እንጥል ረዝማ ትታያለች። ይህን ያየ ሰው «ወርዷል» ይላል። ነገር ግን የእንጥል ማበጥ የሕመሙ ምልክት እንጂ ሕመሙ አይደለም። ቤት ሲቃጠል ጭሱ በጣራ ይወጣል፤ ጣራውን በመቁረጥ ግን እሳቱ አይጠፋም። እንጥል ፈንድታ ልጁን ታፍነዋለች የሚባለውም እናቶችን ያስፈራራ ወሬ ነው። ልጁን የሚያፍነው ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ነው፤ እርሱም ምላጭ በማይደርስበት ቦታ ይገኛል።

ይህ ልማድ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔረሰብ አይደለም። በአገራችን በተለይ በሰሜኑ ክፍል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሠራበት ኖሯል። በኤርትራ፣ በሱዳን፣ በኒጀርና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። በሰሜን ናይጄሪያ በሐውሳዎች ዘንድ ልጁ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ስም በሚወጣበት ሥነ ሥርዓት ላይ እንጥል የሚቆርጡ ባለሙያዎች አሉ። ልማዱ ከስም ማውጣትና ከዐቂቃ ጎን ሲቀመጥ የዲን ሥራ መስሎ መታየቱ አይቀርም። አደገኛነቱም ከዚህ ይጀምራል።

ምላጩ የሚያደርሰው ጉዳት

አንደኛው የደም መፍሰስ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን አራስ በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የውሃ ብርጭቆ እንደማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ያህል ከፈሰሰ ሩቡ አለቀ ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ጥቂት የሆነው ደም ለአራስ ሕይወቱ ነው። በዚያ ላይ ደሙ ስለሚዋጥ አይታይም። ቤተሰብ «ቆሟል» ብሎ ሲተኛ ልጁ በውስጡ ይደማል። ደም ወደ አየር ቧንቧው ገብቶም ሊያፍነው ይችላል።

ሁለተኛው የቁስል መመረዝ ነው። አንዱ በምላጭ፣ ሌላው በጎበጠ ቢላዋ፣ ሌላው በፈረስ ጭራ ሸምቀቆ ይቆርጣል። መሣሪያው በጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በሆስፒታል ሥርዓት አይቀቀልም። ከቁስሉ የሚነሣው መርዝ ወደ ደም ሲገባ የአራስ ሰውነት የመከላከል ዐቅሙ ትንሽ ነው። በጉሮሮ ውስጥ መግል ሊቋጥርም ይችላል።

ሦስተኛው መንጋጋ ቆልፍ ነው። የዚህ በሽታ ተሕዋስ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል፤ ባልጸዳ ስለት ወደ ቁስል ይገባል። ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጥባት ያቅተዋል፤ አፉ ይቆለፋል፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ ይንዘፈዘፋል። በእናቶች ክትባት ምክንያት የአራስ መንጋጋ ቆልፍ በአገራችን እጅግ ቀንሷል፤ ተሕዋሱ ግን ከአፈሩ አልጠፋም።

አራተኛው የሌላ ሰው በሽታ ነው። በአንድ ስለት ሁለትና ሦስት ልጆች ሲቆረጡ የኤች አይ ቪ እና የጉበት በሽታ ቫይረስ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል።

አምስተኛው የጡት ነገር ነው። ጉሮሮው የቆሰለ ሕፃን አይጠባም። ካልጠባ ውሃ ያጥረዋል፤ ይደክማል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ማጥባትን የሚያሟላ ሰው ሁለት ዓመት እንደሚያጠባ ደንግጓል። ጡት የልጁ ሐቅ ነው። ይህን ሐቅ የሚዘጋ ቁስል በገዛ ፈቃዳችን በጉሮሮው ውስጥ እንፈጥራለን? ከቁስሉ የተረፈውም ቢሆን አንዳንዱ ሲጠጣ በአፍንጫው ይወጣበታል፤ አንዳንዱም ድምፁ ተለውጦ ያድጋል።

ስድስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው የጊዜ መጥፋት ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ያለው ሰዓታት ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ቀናት። ቤተሰቡ ያስቆርጥና «አሁን ይሻለዋል» ብሎ አንድ ቀን ይጠብቃል፤ ሁለት ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐኪም ሲሮጥ ልጁ ሁለት ሕመም ይዞ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ያልታከመ፣ ሁለተኛው እኛ የጨመርንበት።

ዲናችን ምን ይላል?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ጉዳይ ዲናችን ዝም ያለ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሥ፣ ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን የተባለች ሰሓቢያ ልጇን ይዛ ወደ አላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) እንደመጣች እናገኛለን። ልጁን ‹ዑዝራህ› የሚባል የጉሮሮ ሕመም ይዞት ስለነበር፣ በዘመኑ ሴቶች ልማድ የታመመውን ቦታ ተጭናለት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን በዚህ ዓይነት ማሠቃየታቸውን ነቀፉ፤ በምትኩም ቁስጥ የሚባለውን መድኃኒት አመለከቱ። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በ‹ፈትሑል ባሪ› ዑዝራህን ሲያብራሩ የጉሮሮ ሕመም መሆኑን፣ ‹የእንጥል መውረድ› ተብሎም እንደሚጠራ ይገልጻሉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አያቶቻችን «እንጥሉ ወረደ» ያሉት ሕመም በመዲናም የታወቀ ነበር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የነቀፉት በጣት መጫንን ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ምላጭ የለም፤ ደምም የለም። በጣት የተጫነው ጉሮሮ ይህን ያህል ካሳዘናቸው፣ በቢላዋ የተቆረጠውን ጉሮሮ ቢያዩ ምን ይሉን ነበር?

ከዚህ ሐዲሥ የምንይዘው ቁም ነገር ሕፃንን የሚያሠቃየውን ትቶ የሚረዳውን ሕክምና መፈለግን ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ሰምቶ ለጨቅላ ልጅ ከገበያ የገዛውን ሥር ወይም ዱቄት በአፉና በአፍንጫው እንዳያደርግ አደራ እላለሁ። የዛሬን ሕፃን መድኃኒትና መጠን የሚያውቀው መርምሮ የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው።

በሌላ ሐዲሥ፣ በኡሳማ ቢን ሸሪክ በተዘገበውና አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ባሰፈሩት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ አዘዋል። እንደገና አቡ ዳውድ፣ ነሳኢይና ኢብኑ ማጀህ በዘገቡት፣ ሕክምና የማያውቅ ሰው አክሞ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ እንደሚሆን አስተምረዋል። የፊቅሕ ዑለማዎች በዚህ ላይ ተመሥርተው የካሳን ሕግ አብራርተዋል። «በቅን ልብ ነው ያደረግኩት» ማለት ከዚህ ተጠያቂነት አያወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰሓቦች አዲስ የተወለዱ ልጆቻቸውን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያመጡ ነበር። እርሳቸውም ቴምር አኝከው በልጁ ላንቃ ላይ ያሹለትና ዱዓ ያደርጉለት ነበር። ይህ ተሕኒክ ይባላል። ያ ላንቃ እንጥል የተንጠለጠለችበት ላንቃ ነው። ሱናው ጣዕምና ዱዓ ባኖረበት ቦታ ላይ ነው እኛ ምላጭ ያሳረፍነው።

ለሚነሡ ጥያቄዎች

ንግግሩን ባደረግኩበት ዕለት ከተነሡት ጥያቄዎች አራቱን ላንሣ።

«እኛስ ተቆርጠን የለም እንዴ? ይኸው አድገናል» ያሉኝ አባት ነበሩ። አባቴ፣ በሕይወት መኖርዎ የአላህ ራሕመት ነው። ነገር ግን ሊመሰክሩ የሚመጡት የተረፉት ብቻ ናቸው። የሞቱት ከመቃብር ተነሥተው «እኛንስ ገደለን» አይሉም። የእናቶቻችንን ልብ ብንጠይቅ ግን ስንት ልጅ ወልደው ስንቱን እንዳሳደጉ ይነግሩናል።

«ከተቆረጠ በኋላ ሲሻለው በዓይናችን አይተናል» የምትሉም አላችሁ። ዐይናችሁ አልዋሸም፤ ምክንያቱን ግን ሌላ ቦታ ፈልጉት። አብዛኛው ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም በአላህ ፈቃድ በአንድ ሳምንት ገደማ በራሱ ይለቃል። በአራተኛው ቀን ያስቆረጠ ሰው በሰባተኛው ቀን ሲሻለው ምላጩን ያመሰግናል። በራሱ የማይለቀው ደግሞ በምላጭም አይለቅም። ለምሳሌ ከአምስት ዓመት በላይ ባሉ ልጆች ላይ አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ ኋላ የልብን በር የሚያበላሽ በሽታ ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም።

«ኺታንስ መቁረጥ አይደለምን?» ያለ ወጣትም ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። የወንድ ልጅ ግርዛት በሐዲሥ የጸና ሱና ነው። እንጥል ስለ መቁረጥ ግን በቁርኣን አንቀጽ የለም፤ በሐዲሥ ትእዛዝ የለም፤ ሱናው የሚመራን ወደ ተቃራኒው እንደሆነ ከላይ አይተናል። ኺታንም ቢሆን በንጹሕ መሣሪያ፣ በሠለጠነ እጅ ይደረግ እንላለን። በሆስፒታል አንዳንድ ልጆች በሐኪም ውሳኔ የሚደረግላቸው የቶንሲል ቀዶ ሕክምናም ከዚህ ጋር አይምታታ። እርሱ በምርመራ፣ በማደንዘዣ፣ ደም የሚያቆም ባለሙያ ባለበት የሚደረግ ነው።

አራተኛው ጥያቄ «ሞትና ሕይወት በአላህ እጅ አይደለም ወይ? ቀደር ነው» የሚለው ነው። አዎን፣ በቀደር እናምናለን፤ ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው። ግመሉን ሳያስር ለአላህ አደራ ሊሰጥ የፈለገው ሰው ግን እንዲያስር መታዘዙን ቲርሚዚይ ዘግበዋል። ሰበብ ማድረግ ከተወኩል ይቆጠራል። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ የእህቴን ልጅ ራስ በያዝኩ ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አላህ ይቅር እንዲለኝ እለምነዋለሁ። ዛሬ ዐውቄ ብይዝ ግን «ቀደር ነው» ብዬ የምመልስ አይመስለኝም።

የአገራችንም ሕግ በጉዳዩ ላይ ግልጽ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እና 562 በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት የሕፃንን ሕይወት ያጠፋን ወይም አካል የጎዳን ሰው ይቀጣል። እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ መንቀል በስም ከተጠቀሱት ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ዓመት የሆነው

ሕግ ስለወጣ ልማድ ወዲያው አይጠፋም። በእኛ አካባቢ ጤና ኬላ ከተከፈተ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት መዞር ከጀመሩ ወዲህ ምላጩ እየተረሳ መጥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወሎ ምድር በጦርነቱ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ መድኃኒትና ባለሙያ በጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ ተሰቅሎ የነበረው ምላጭ ወረደ። ተቋማቱ ሥራ ከጀመሩ በኋላም ወደ ቦታው ያልተመለሰባቸው ቤቶች አሉ።

ባለፈው ዓመት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ ወጣት አባት ወደ እኔ መጣ። የሦስት ወር ልጁን ሊያስቆርጥ ነው፤ እጁ እንዲቀና ዱዓ እንዳደርግለት ፈለገ። ልጁ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ያስለዋል፤ ጡት እምቢ ብሏል፤ ሲተነፍስ ጎኑ ይሰረጉዳል» አለኝ። የእህቴ ልጅ ከፊቴ ቆመ። «ዱዓውን መንገድ ላይ እናደርገዋለን» አልኩትና ባጃጅ ጠራሁ። በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ሰዓቷን ይዛ ትንፋሹን ቆጠረች፤ በአንድ ደቂቃ 64 ሆነ። የሳንባ ምች ነበር። ያን ሌሊት በመርፌ መታከም ጀመረ፤ አላህም አሻረው። ዛሬ ይኸው ልጅ በመስጂዳችን በራፍ ላይ ጫማችንን እያቀላቀለ ያስቸግረናል፤ አላህ ያሳድገው።

በማግስቱ ልጁን ሊቆርጡ ወደነበሩት ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። ለክስ አልሄድኩም። በሰላት ሰልፍ አጠገባችን የሚቆሙ አባት ናቸው። ቡና ጠጣን፤ የእህቴንም ልጅ ታሪክ፣ የሌሊቱንም ነገር አወራኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ ማንንም አልጠራሁም፤ እነርሱ ናቸው በሌሊት በሬን የሚደበድቡት። ብከለክላቸው ወደ ሌላ ይሄዳሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለምላጩ ዕድሜ የሚሰጠው ጠያቂው ነው። ስለዚህ ተስማማን፤ ማንም ልጅ ይዞ ቢመጣባቸው ሳይቆርጡ ወደ ጤና ኬላ ሊልኩ ቃል ገቡ። እስከ ዛሬ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሰው ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማል፤ ለዚህም አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የሚከተሉትን በቤታችሁ ያዙ።

የሕፃኑን ትንፋሽ መቁጠር ማንም ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሆዱን ገልጣችሁ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ከፈዘዘ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ነገ አትበሉ። የሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ቢያተኩስም ከወትሮው ቢቀዘቅዝም አደጋ ነው። በቅርብ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት፤ በመንገድም ጡት መስጠትን አታቋርጡ።

ክትባት አታሳልፉ። እርጉዝ እናቶች የመንጋጋ ቆልፍን ክትባት ይውሰዱ። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የሳንባ ምች ከሚያመጡት ተሕዋስያን ዋና ዋናዎቹን ይከላከላል። አያቶቻችን ምላጭ ያነሡት እነዚህን በሽታዎች ፈርተው ነበር። እነርሱ ያላገኙትን መከላከያ እኛ አግኝተናል።

ምናልባት ልጁ ተቆርጦ ከሆነም አትደብቁ። ከደማ፣ ጡት ካልያዘ ወይም ካተኮሰው፣ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱትና የሆነውን በግልጽ ተናገሩ። በቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉ። ሐኪሙ እንዳይቆጣን ብለን የምንደብቀው ነገር የልጁን ሕይወት ያስከፍለናል።

አባቶች ሆይ፣ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትውጡ። የልጁ አማና በእናንተም አንገት ላይ ነው። አያቶችና አማቶች ሆይ፣ በቤት ውስጥ ቃላችሁ ይሰማል፤ ወጣቷ እናት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ኬላ ልሂድ ስትል አትከልክሏት፤ ሽፋኑን አንሡና አብራችኋት ሂዱ። ኮሚቴያችንም በየዐቂቃው ላይ ከዱዓው በፊት እነዚህን የአደጋ ምልክቶች ለወላጆች እንድናነብ ተስማምቷል። እኔም በበኩሌ ልጅ ታሞ ዱዓ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ቀኑም ሆነ ሌሊቱ፣ ዱዓውን እያደረግኩ እስከ ጤና ጣቢያው አብሬው እሄዳለሁ። ይህን በጽሑፍ ያሰፈርኩት እንድትጠይቁኝ ነው።

ከቤታችን በታች የነበረው መንታ መንገድ ዛሬም አለ። የግራው ሣር በቅሎበታል። የቀኙ ጠጠር ፈስሶበታል፤ ባጃጅ ይመላለስበታል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቆም እልና ለአንድ ሕፃን ዱዓ አደርጋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ያለ ዕውቀት ያጠፋነውን ይቅር ይበለን። በልጅነታቸው የተነጠቁብንን በአኺራ አማላጅ ያድርግልን፤ የቀሩትን በጤናና በዲን ያሳድግልን። የሚያክሙልንን እጆች ይባርክ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።